ሳይቃጠል የሚሸተኝ ፍሪሲዮን

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ፍሪሲዮን ሲቃጠል ሽታው ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው ለይማም ነው ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው። ችግሩ ሳይቃጠልም ይሸተኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጣሁ። ዕድሜዬን ሙሉ መኪና ስፈታና ስገጥም የኖርኩ መካኒክ ነኝ። አሁን ጠዋት ተነስቼ በረንዳ ላይ ቁጭ ስል በመንገዱ የሚያልፉትን መኪኖች በድምፃቸው እለያለሁ። «ይሄ ባልቦላው ላልቷል፣ ያኛው ካምቢዮው ያለቅሳል» እያልኩ ብቻዬን ሳወራ ባለቤቴ ዘይነባ «ጡረታ የወጣኸው አንተ ነህ፤ አፍህ መች ወጣ!» ትለኛለች። ይህን የምጽፈው ግን ስለ መኪና ብቻ አይደለም። የሚጥል በሽታ አለብኝ። ይህችን አጭር ነገር እንዲህ በቀላሉ ለመናገር የሥራ ዘመኔን በሙሉ ፈጅቶብኛል፤ ዛሬ ግን ጻፍኳት፣ አልሐምዱሊላህ።

ያደግኩት አርዲቦ ሐይቅ ዳር ካለ የገበሬ መንደር ነው። በሽታው የጀመረኝ በጉርምስናዬ ነበር። መጀመሪያ የሆነ ነገር ሲቃጠል ይሸተኛል፤ ቀጥሎ ለጥቂት ጊዜ እፈዛለሁ፤ ብዙውን ጊዜ በዚያው ያልፋል። አንዳንዴ ግን እወድቃለሁ። እናቴ «የሐይቁ ጅኒ ነው የነካው» ብላ ደመደመች። አባቴም ከውሃው ላርቀው ብሎ ሥራ ፍለጋ ሐይቅ ከተማ አመጣኝ፤ ከትንሹ ሐይቅ አሽሽቶ ትልቁ ሐይቅ አፍ ላይ ማለት ነው። እናቴ ስትሸኘኝ «ለማንም እንዳትናገር ልጄ፤ እህቶችህ ባል ያጣሉ» አለችኝ። በእኛ አገር ሽማግሌ ልጅ ከመጠየቁ በፊት የቤተሰቡን ዘር ያጣራል፤ ከሚያጣራው አንዱ ይሄ በሽታ ነው። ስለዚህ ምስጢሩ የእኔ ብቻ አልነበረም፤ የቤቱ ሁሉ ነበር።

ለሚያየኝ ሰው ጤነኛ ነኝ። እግሬ አያነክስ፣ ዓይኔ አልጠፋ። ሰው በሽታህን ካላየው ደግሞ የራሱን ስም ያወጣልሃል፤ የእኔ ስም «ፈዛዛው» ነበር።

የገባሁት ጋሽ ተገኘ የሚባሉ ሰው ጋራዥ ነው። ጋራዥ ይባል እንጂ ደሴና ወልድያን ከሚያገናኘው መንገድ ዳር ያለ የቆርቆሮ ጣሪያና አንድ የባሕር ዛፍ ጥላ ነበር። ጋሽ ተገኘ ረጅም፣ ጎንበስ ያሉ፣ ቁጣቸው ፈጥኖ የሚመጣ ፈጥኖም የሚበርድ ሰው ነበሩ። አመላቸው ብዙ ነው። ሞተር ሲያዳምጡ የረጅሙን ካቻቪቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ መያዣውን ጆሯቸው ላይ ያደርጉና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ በዚያ ሰዓት ያወራ ሰው ወዮለት። ቀጥሎ ካቻቪቴውን ለእኔ ይሰጡኝና «ስንተኛው ፒስተን ነው የሚያማርረው?» ይሉኛል። ሞተሩ ሲስተካከል በፉጨት የአምባሰልን ዜማ ይጀምራሉ። ፉጨቱ ካልመጣ ሥራው አላለቀም፤ ባለ መኪናው ሊሄድ ቢነሳ እንኳ «ቁጭ በል፣ ገና ነው» ይሉታል። እጃቸውን በኦሞና በሰጋቱራ አሽተው ሳይታጠቡ ምሳ አይቀርቡም። እሳቸው ክርስቲያን፣ እኔ እስላም፤ ግን ጁምዓ ቀን ከሥራ የሚያስወጡኝ እሳቸው ነበሩ። «ይማም፣ እኔ አዛኑን ሰምቻለሁ፤ አንተ ነህ ያልሰማኸው?» ይሉኛል።

የእኔ ጣጣ ሽታው ነበር። ጋራዥ ውስጥ የሚቃጠል ነገር መቼ ጠፍቶ! ፍሪሲዮን፣ የፍሬን ሸራ፣ ዘይት፣ ጎማ። ሽታው ሲመጣብኝ የጭንቅላቴ ይሁን የመኪናው መለየት አልችልም። ስለዚህ እጠይቃለሁ።

«ጋሼ፣ ፍሪሲዮን ይሸታል?»

እሳቸው የያዙትን አስቀምጠው በደንብ ያሸታሉ። «አዎ፣ የዚያ የኤንትሬው ካሚዮን ነው» ካሉኝ እፎይ ብዬ ሥራዬን እቀጥላለሁ። «አይ፣ ምንም የለም» ካሉኝ ሽንቴን የምሸና መስዬ ከባሕር ዛፉ ኋላ ሄጄ እስኪያልፍልኝ እቀመጣለሁ። ስንትና ስንት ጊዜ ጠይቄያቸዋለሁ፤ አንድም ቀን «ለምን ትጠይቀኛለህ?» ብለውኝ አያውቁም።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ካርቡራተር በቤንዚን አጥብ ነበር። ሽታው መጣ። ጋሼ መኪና ስር ስለነበሩ የምጠይቀው ሰው አጣሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን የማውቀው ሲወራ ነው። ወድቄ መንፈራገጥ ስጀምር የቤንዚኑ ሳፋ ላዬ ላይ ተደፋ። መኪናውን ሊያሠራ የመጣ አንድ ደግ ሹፌር ሮጦ መጣና የአገራችን ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረገ። «ክብሪት አሽቱት!» እያለ ከኪሱ ክብሪት አውጥቶ አፍንጫዬ ስር ጫረው።

የሚጥለው ሰው ሲወድቅ ክብሪት ማሽተት በእኛ ዘንድ መድኃኒት ነው፤ እናቴም ስንቴ አሽትታኛለች። ያ ሹፌር ክፋት አልነበረበትም፤ ቤንዚኑን አላሰበውም እንጂ። ጋሽ ተገኘ ከመኪናው ስር ተስበው ወጥተው «ተው!» ሲሉ እሳቱ ቱታዬን ይዞታል። ጆንያ ጣሉብኝ፣ አፈር አለበሱኝ፣ የቀረውን በገዛ እጃቸው እየመቱ አጠፉት። ስነቃ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። እንደ ልማዴ «ጋሼ፣ ይሸታል?» አልኳቸው። «አዎ ልጄ፣ ይሄኛውስ የእውነት ነው» አሉኝ። የእጃቸው ቆዳ ተልጦ ነበር።

የእኔ ጠባሳ ጭኔ ላይ ነው። የእሳቸው ግራ እጅ ጣቶች ግን ከዚያ ወዲህ እንደ ልብ አልታጠፉላቸውም።

ደሴ ሐኪም ቤት ይዘውኝ የሄዱት እሳቸው ናቸው። ቃጠሎውን የሚያክመኝ ሐኪም ስለ መውደቄ ሲሰማ ለሌላ ሐኪም አሳለፈኝ። እሱም «የአንጎል ሕመም ነው፤ ኪኒን በየቀኑ ትውጣለህ፣ እንዳታቋርጥ» አለኝ። ስንመለስ ጋሼ በመንገድ ላይ አሰቡ፣ አሰቡና «ገባኝ» አሉ። «ካንዴላህ አንዳንዴ ያለ ሰዓቱ ይተኩሳል። ሌላው ሞተር ደህና ነው።» ስለ በሽታዬ በዕድሜዬ ከሰማሁት ሁሉ ደጉ ቃል ይሄ ነው።

ያባርሩኛል ብዬ ነበር፤ አላባረሩኝም። ደንበኛው ግን ሸሸኝ። «ያ የሚጥለው ልጅ መኪናዬን እንዳይነካ» የሚሉ ነበሩ። ጋሼም «እሱ የማይነካውን እኔም አልነካም» እያሉ ይመልሱላቸው ነበር። ኪኒኑ መውደቁን አስቀረልኝ ማለት ይቻላል። መፍዘዙ ግን አልፎ አልፎ ይመጣ ነበር፤ ከእሳቱ የባሰውም የደረሰው በመፍዘዝ ነው።

የአንድ አይሱዙ የኋላ ጎማ እያሰርኩ ነበር። ብሎኖቹን በእጄ አስጀመርኳቸው፤ የቀረው በመፍቻ ማጥበቅ ነው። እዚያ መሃል ፈዘዝኩ። ስመለስ መፍቻው በእጄ ነው፣ ጎማውም ቦታው ላይ ነው፤ ያጠበቅኩት መሰለኝ። ክሪኩን አወረድኩ። መኪናው ሽንኩርት ጭኖ ወደ ውጫሌ ሄደ፤ አንድ ጠመዝማዛ ላይ ጎማው ወለቀና ተገለበጠ። ሹፌሩ ትከሻው ተሰበረ። አላህ አወጣው እንጂ መኪናው ተንከባሎ የቆመው ገደል አፋፍ ላይ ነው።

ልጠይቀው ሄጄ አልጋው አጠገብ አለቀስኩ። እሱ «ስህተት ነው፤ ሰው አይሳሳትም እንዴ?» ብሎ አጽናናኝ። ስህተት ቢሆንማ ደግ ነበር። ለስህተት ሁለተኛ ትጠነቀቅለታለህ። እኔ ግን መጠንቀቅ በሚያስፈልግበት በዚያች ሰዓት የለሁም። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንደዚያ ያለ ፍርሃት አላውቅም።

መፍቻዬን ለጋሼ መለስኩላቸው።

«እኔ መካኒክ አልሆንም። ሽንኩርት ብነግድ ይሻለኛል» አልኳቸው።

«ሽንኩርቱንማ ደፋኸው!» አሉኝ።

ሁለታችንም ሳቅን፤ እኔ ሳቄን ሳልጨርስ አለቀስኩ። እሳቸው መፍቻውን አልተቀበሉኝም።

በማግስቱ የጋራዡን ሠራተኛ ሁሉ ሰብስበው አዲስ ደንብ አወጡ። ብሎን ያጠበቀ እጅ ራሱ አይፈትሽም። ያጠበቀው ሰው ብሎኑ ላይ በነጭ ጠመኔ አንድ መስመር ያሰምራል፤ ሌላ ሰው መጥቶ በመፍቻ ይሞክርና የመጀመሪያውን የሚያቋርጥ ሁለተኛ መስመር ያሰምራል። ሁለት መስመር የሌለው መኪና ከጋራዡ አይወጣም። ስሜን አልጠሩም፤ ወደ እኔም አልተመለከቱም። ደንቡ ለሁሉም ነው፣ ለራሳቸውም ጭምር። እሳቸው ያጠበቁትን እንድፈትሽ ሲያዙኝ አፍሬ ብሎኑን ነካ ነካ ሳደርገው «በደንብ ሞክረው እንጂ፣ እየዳበስከው ነው እንዴ!» ብለው ተቆጡኝ።

እርስ በርስ የሚቋረጡት መስመሮች መስቀል ይመስሉ ነበርና አንድ ሐጂ ደንበኛችን «ተገኘ፣ መኪናዬን አጠመቅከው እንዴ?» ብለው ቀለዱ። ጋሼም «ሐጂ፣ ካልወደዱት ለእርስዎ ጨረቃ እናደርግልዎታለን» አሉ። ከዚያ በኋላ የሐጂን ጎማ ስፈትሽ ሁለተኛውን መስመር ጎበጥ አደርገው ነበር። እሳቸውም ለሰው ሁሉ እያሳዩ ይስቁ ነበር። እንዲህ እንዲህ እያለ ደንበኛው ወደ እኔ ተመለሰ።

ጋሽ ተገኘ አርጅተው ጋራዡን ሲዘጉ ውጫሌ አንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት ጥገና ክፍል ውስጥ ገባሁ። ደመወዙ ባያጠግብም በየወሩ ይመጣል፣ ጡረታም አለው። ስቀጠር ስለ ጤናዬ ቢጠይቁኝ ደህና ነኝ አልኩ፤ ያለዚያ ማን ይቀጥረኛል? ዘይነባን ያገባሁት ያኔ ነው። ለእሷ ግን ከኒካው በፊት ነግሬያታለሁ። ትንሽ አሰበችና «እኔም ቁጡ ነኝ» አለችኝ፤ በዚህ ተስማማን። የእሷ ቁጣ ከእኔ በሽታ ይልቅ ቶሎ ቶሎ እንደሚነሳ ያወቅኩት በኋላ ነው። ልጆች ሲወለዱ የእናቴን ቃል እኛም ያዝነው፤ ለማንም አንናገርም ተባባልን።

ውጫሌ ላይ የጠመኔውን ደንብ አስለመድኳቸው። ከየት እንዳመጣሁት አልተናገርኩም። መካኒክ ሆኜ መንጃ ፈቃድ አለማውጣቴ ያስቃቸው ነበር፤ «መኪና አይወደኝም» እያልኩ አልፈዋለሁ። መደበቅ እንደ ሥራው አያደክምም የሚል ካለ አልደበቀም ማለት ነው። ሰው ሳይጠረጥር ለመቀመጥ፣ ሰው ሳያይ ኪኒን ለመዋጥ፣ ከፈዘዝኩ በኋላ ምን እንዳመለጠኝ ከሰው ፊት ለማንበብ ስጣጣር እውል ነበር። ቤቴ የምገባው ከብሎኑ ይልቅ በዚህ ዝዬ ነው።

በጦርነቱ መንገድ ተዘግቶ፣ ሥራም ቆሞ መድኃኒት በጠፋ ጊዜ ኪኒኔ አለቀ። ሥራ በተመለስን ሰሞን ሁሉ እያየ ግቢው መሃል ወደቅኩ። አለቃችን ኢንጂነር ሰናይት የምትባል፣ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ሴት ነበረች። ለደህንነቴ ብላ መጋዘን አስገባችኝ። ፊልትሮና ቺንጋ ሳቀብል ዋልኩ። ክፋት አልነበረውም፤ ግን ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲያናግረኝ የሞትኩ የሞትኩ መሰለኝ። አንድ ቀን ቢሮዋ ገባሁ።

«ኢንጂነር» አልኳት፣ «መኪና ስር ብቻዬን አልገባም፣ ከፍ ያለ ነገር ላይ አልወጣም፣ መኪና አልነዳም። ይህንን ድሮም አድርጌው አላውቅም፤ አላዩኝም እንጂ።»

«ታዲያ ጋሽ ይማም፣ እኔ ምኑን ነው የከለከልኩዎት?» አለች።

«ሥራዬን ነዋ።»

በማግስቱ መፍቻ ያዝኩ። መድኃኒቱም ተመልሶ ስለመጣ ጡረታ እስክወጣ ሁለተኛ ሥራ ላይ አልወደቅኩም። ወደ ሐይቅ ተመለስን። ያኔ እሳቱን ያዩት ሰዎች ገሚሱ ሞተዋል፣ ገሚሱ ረስተዋል።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሽማግሌ ሊመጣ ነው ተባለ። የምትጠየቀው የመጨረሻ ልጄ ሐያት ናት። ጀማል የሚባል፣ ሳዑዲ ቆይቶ የተመለሰና ሐይቅ ላይ የባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ የከፈተ ልጅ ፈልጓታል፤ እሷም ትወደዋለች። አባቱ ጋሽ ሙሄ የአምባሰል ገበሬ ናቸው፤ ዘር አጥብቀው የሚያጣሩ፣ አንዴ እምቢ ካሉ የማይመለሱ ሰው ይባላሉ። ዘይነባ «ኒካው እስኪታሰር ዝም በል» አለችኝ። እኔም ዝም ልል ነበር። ሐያት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አባ፣ ለጀማል ነግሬዋለሁ።»

«ምን አለሽ?»

«እሱ ምንም አልመሰለው። አባቱ ከሰሙ ግን እንደሚከለክሉት ነገረኝ፤ አትንገሯቸው አለኝ።»

«እንግዲያው አንነግራቸውማ።»

«ተደብቆ ከሆነማ አንተ ቤቴ በመጣህ ቁጥር ልፈራ ነው። እዚያ ብትወድቅስ? አባቴ መጣ ብዬ ደስ ሊለኝ ሲገባ ልሳቀቅ? አልፈልግም አባ። ካልፈለጉን ይቅርብን።»

ልጁን ልታጣው እንደምትችል እያወቀች ነው የምትናገረው። እናቴ ለእህቶቼ ብላ ዝም ያሰኘችኝን፣ ልጄ ለራሷ ስትል ተናገር አለችኝ። እምቢ የምልበት አፍ አጣሁ።

ሽማግሌዎቹ ጁምዓ ከሰላት በኋላ መጡ። ሦስት ናቸው፤ ጋሽ ሙሄ መሃል ተቀመጡ። ሰላምታው አለቀ፣ ጉዳዩ በወጉ ተነገረ። መልስ የእኔ ነው።

«ከመመለሴ በፊት ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ» አልኩ። «ጋሽ ሙሄ፣ እኔ የሚጥል በሽታ አለብኝ። ከጉርምስናዬ ጀምሮ ነው። በኪኒን ተይዞልኛል፤ ግን አለብኝ። ልጄ የለባትም፤ ቢሆንም የእኔ ልጅ ናት። ይህን አውቃችሁ ከፈለጋችሁን እሰየው። ካልፈለጋችሁንም ወላሂ ቅያሜ የለኝም።»

አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። ሌላው በሩን አየ። የጋሽ ሙሄ እጅ መቁጠሪያው ላይ ቆመ። ጓዳ በር ላይ ሐያት እንዳለች አውቃለሁ፤ ወደዚያ ለማየት አቅም አጣሁ። ይገርማል፤ እምቢ ቢሉ እንኳ የማልጸጸት መሆኔን ያወቅኩት በዚያች ዝምታ ውስጥ ነው። ከደረቴ ላይ ሞተር ያወረዱልኝ ያህል ቀለለኝ።

«ኪኒኑን ይወስዳሉ?» አሉ ጋሽ ሙሄ በመጨረሻ።

«በየቀኑ።»

«ሥራም ሠርተው ኖሩ?»

«ጡረታ እስክወጣ።»

«አግብተው፣ ወልደው።»

«ይኸው እንደሚያዩት።»

ቀና አሉ። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ዘሀራ የምትባል ታላቅ እህት ነበረችኝ» አሉ። «ይሄው ነበረባት። ጓዳ ነው ያኖርናት። ሽማግሌ ሲመጣ፣ እንግዳ ሲመጣ በር እንዘጋባት ነበር። እኔ ራሴ ዘግቻለሁ። እኛ ሁላችን አገባን፣ ወለድን፤ እሷ እዚያው አረጀች፣ እዚያው ሞተች። ኪኒን እንዳለው ማንም አልነገረንም። እኛም ለማን ነግረን!»

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ይህን ታሪክ እነሱም የሚያውቁት አይመስልም። ጋሽ ሙሄ መዳፋቸውን ዘረጉ።

«በሉ ፋቲሃ እናድርግ» አሉ።

ፋቲሃ አደረግን። ከጓዳ የዘይነባ እልልታ ተሰማ፤ ሐያት እሪ ብላ አለቀሰች። ሽማግሌዎቹ ተነስተው ወደ ደጅ ሲወጡ ጋሽ ሙሄ ወደኋላ ቀሩና እጄን ያዙ።

«እንግዲህ ዘመድ ሆነናል» አሉኝ። «አንቱ ቢወድቁ እኔ ምን ላድርግ? ይንገሩኝ፣ ልወቀው።»

«በጎኔ ያስተኙኝ። ከራሴ ስር ለስላሳ ነገር ያድርጉልኝ። ከዚያ እስክነቃ አጠገቤ ቁጭ ይበሉ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለውም።»

«ቁጭ ማለት ብቻ?»

«ቁጭ ማለት ብቻ።»

እጄን አልለቀቁትም። የኩታቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

«እኛ እኮ እንሸሽ ነበር» አሉኝ። «እኔ አጠገብ ከወደቁ ግን፣ እስኪነቁ ድረስ አልነሳም።»